የቡና ፍሬ በሽታን የተቋቋመው ምርምር ፤ ምን ሠራ ? ምንስ ቀረው ?

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአገራችን ስለ ቡና ዛፍ አበቃቀልና አጠባበቅ ከተደረጉት የሳይንስ ምርመራዎች አንዱን አንሥቶ ዋጋውን መመዘን ነው። ይኸውም በ1970ዎቹ ዓመታት የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ ዛፎችን ለመምረጥ በጅማ የምርምር ጣቢያና በደቡብ ምዕራብ የቡና አገሮች የተካሄደው ሥራ ነው። የሳይንስ ሪፖርቶቹ የወጡት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ሆነ እዚህም ዓመቶቹ ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ተጽፈዋል። ጸሐፊው ተማሪ እንጂ የቡና በሽታ ሊቅ አይደለም፤ ስለዚህ የሊቃውንቱን የላቦራቶሪ ሥራ እንደገና ለመፈተሽ አይነሣም። ነገር ግን አንድ ምርመራ ምን ጥያቄ እንደ ጠየቀ፥ ጥያቄውን በምን ዘዴ እንደ መለሰ፥ መልሱም ከወጣ በኋላ በምድር ላይ ምን እንዳደረገ መጠየቅ ለማንኛውም አንባቢ የተፈቀደ ነው።

በእኛ ዘንድ ስለ ሳይንስ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ ወይ ምስጋና ብቻ፥ ወይ ወቀሳ ብቻ ይሆናል። ሳይለካ የሚሰጥ ምስጋና ሥራውን አያከብረውም፤ ሳይለካ የሚወርድ ወቀሳም አያርመውም። እኔ ግን ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛው፥ ይህ ምርመራ በአገራችን ቡና ላይ ከተሠሩት ሁሉ የላቀ ነው። ሁለተኛው፥ ያላቀውን ሀብት ራሱን እንዲያልቅ መንገድ ከፍቷል። ሁለቱን በየተራ አስረዳለሁ።

በሽታው ምን እንደ ሆነ

የቡና ፍሬ በሽታ የሚመጣው ኮሌቶትሪኩም ካሃዌ ከተባለ ሻጋታ ነው። ይህ ሻጋታ ዛፉን አይገድልም፤ ቅጠሉንም አያረግፍም። የሚመታው ገና በማደግ ላይ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ ነው። በፍሬው ላይ በመጀመሪያ ትንሽ ጠቆር ያለና ጐድጐድ ያለ ነጥብ ይታያል፤ ነጥቡ ይሰፋል፤ ፍሬው ይጠቍራል፤ ከዚያም ወይ ይረግፋል፥ ወይ እንደ ደረቀ በቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዝናብና ብርድ ይስማማዋል፤ ስለዚህ በደጋማው የቡና አገር ይበረታል፥ በቆላው ይደክማል። ገበሬው ዛፉን ከሩቅ ሲያየው ጤነኛ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ቅርንጫፉን ሲገልጥ ግን የዓመቱ ልፋት ጠቍሮ ያገኘዋል።

በሽታው በመጀመሪያ የታወቀው በ1922 በኬንያ ነው። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ ቡና አብቃይ አገሮች እየተዘዋወረ በ1971 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን የደጋ ቡና አዳረሰ። ዝናብ በበረታባቸው ቦታዎች ከምርቱ ግማሽና ከዚያም በላይ የሚጠፋበት ዓመት ነበረ። ቡና የመንግሥት የውጭ ምንዛሪ ዋና ምንጭ፥ ለብዙ ሚሊዮን ቤተ ሰብም የጨውና የልብስ፥ የግብርና የትምህርት ቤት ክፍያ መሸፈኛ ስለ ነበረ፥ ነገሩ የአንድ ተክል ሕመም ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በፊት የተገኘው ትምህርት

የ1970ዎቹን ሥራ በትክክል ለመመዘን አስቀድሞ ዓለም ስለ ቡና በሽታ ምን ተምሮ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል።

በ1869 በሴሎን ደሴት፥ ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው፥ በቡና ቅጠል ላይ ብርቱካንማ ዱቄት የሚመስል በሽታ ተገኘ። ይህ የቅጠል ዝገት ሄሚሌያ ቫስታትሪክስ ተብሎ ተሰየመ። በ1880 ማርሻል ዋርድ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የዕፀዋት ሊቅ ወደዚያ ተልኮ የበሽታውን ጠባይ መረመረ፤ ዘሩ በነፋስ እንደሚበተን፥ ደሴቲቱም ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ተክል መሸፈኗ ለሻጋታው እንደ ተዘረጋ ማዕድ እንደ ሆነለት አስረዳ። ምክሩ ለሴሎን ቡና አልደረሰለትም፤ ተካዮቹ ቡናውን ነቅለው ሻይ ተከሉ። ዛሬ ያቺ ደሴት በሻይዋ የምትታወቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በአሜሪካ አህጉር ደግሞ ለብዙ ዘመን የተተከለው ቡና አብዛኛው በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአምስተርዳምና በፓሪስ የዕፀዋት አትክልት ቦታዎች ከነበሩ እጅግ ጥቂት ዛፎች የተወለደ ነው። አረቢካ ቡና በራሱ የአበባ ብናኝ የሚፀንስ በመሆኑ ልጅ ከእናቱ ብዙ አይለይም። ስለዚህ ከሜክሲኮ እስከ ብራዚል ያለው ቡና ሁሉ የቅርብ ዘመድ ነበረ። ዝገቱ በ1970 በብራዚል፥ በባሂያ ግዛት ሲታይ ዓለም የደነገጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በመካከሉ የመከላከያ ፍለጋ አልቆመም። በሕንድ በ1911 ኬንት የተባለ ዓይነት ዝገቱን ይቋቋማል ተብሎ ተመርጦ በሰፊው ተተከለ፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርሱን የሚያጠቃ አዲስ የሻጋታ ወገን ተነሣ። በ1955 በፖርቱጋል፥ በኦኤራስ ከተማ የቡና ዝገት ምርምር ማዕከል ተቋቁሞ የሻጋታውን ወገኖችና በእያንዳንዱ አንጻር የሚቆሙትን የቡና ጂኖች አንድ በአንድ መለየት ጀመረ። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ በአንድ ጂን ላይ የቆመ መከላከያ አንድ ቁልፍ ብቻ እንዳለው በር ነው፤ ሌባው ቁልፉን ያስመሰለ ዕለት ቤቱ ሁሉ ክፍት ይሆናል። በ1963 የደቡብ አፍሪካው ሊቅ ቫንደርፕላንክ ሌላ ዓይነት መከላከያ እንዳለ በመጽሐፉ አስረዳ። ይኸውም ከብዙ ጂኖች ተባብሮ የሚመጣ፥ በሽታውን ፈጽሞ የማያግድ ነገር ግን በሁሉም ወገን ላይ የሚያዳክመው፥ «አግድም» ብሎ የጠራው መቋቋም ነው። ይህ ከበሩ ይልቅ ከብዙ እሾህ የተጠረበ አጥርን ይመስላል፤ አንዱ እሾህ ቢሰበር ሌላው ይወጋል።

የምርጫው ዘዴና ብርታቱ

በ1973 ገደማ በኢትዮጵያ ሥራውን የመሩት፥ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በኩል የመጡት የተክል በሽታ ሊቅ ራውል ሮቢንሰን፥ ይህን የአግድም መቋቋም አሳብ አጥብቀው የያዙ ሰው ነበሩ። ሥራውን የቀጠሉት ሆላንዳዊው ቫን ደር ግራፍ በ1981 በቫኽኒንገን የእርሻ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በዚሁ ጉዳይ አቀረቡ። ከእነርሱ ጋር በ1967 በተመሠረተው በጅማ፥ መልኮ የምርምር ጣቢያ የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ሥራውን በእጃቸው ሠርተውታል፤ ኋላም ጠብቀው አሳድገውታል።

ዘዴው ለማስረዳት ቀላል፥ ለመሥራት ግን አድካሚ ነበረ። በሽታው በበረታባቸው የገበሬ ማሳዎች ውስጥ ሲዘዋወሩ አንድ ዛፍ ፍሬው በሙሉ ጠቍሮ፥ ከአጠገቡ ያለው ሌላ ዛፍ ደግሞ ጥቂት እንኳ ሳይነካው ያገኙ ነበር። እነዚህን ጤነኛ ዛፎች «እናት ዛፍ» አድርገው ቍጥር ሰጧቸው። ቀጥሎ፥ ዛፉ የዳነው በዕድል ይሁን በተፈጥሮው ለማወቅ የሻጋታውን ስፖር በውኃ በጥብጠው በፍሬው ላይ ረጩ። ከዛፉ የተቀነጠሰ አረንጓዴ ፍሬም በላቦራቶሪ ተፈተነ። በመጨረሻም ዘሩ ተዘርቶ፥ ቡቃያው ገና ቅጠሉን ሳይዘረጋ በለጋ ግንዱ ላይ በሽታው ተደረገበት። በቡቃያው ላይ የታየው ውጤት በትልቁ ዛፍ ላይ ከሚታየው ጋር የሚስማማ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ፥ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ዓመታት መጠበቅ ቀረ።

እነዚህን ሦስት ፈተናዎች ያለፉት ዛፎች ዘራቸው ተባዝቶ በ1977 እና በ1981 መካከል ለገበሬ ታደለ። 741፥ 74110፥ 74112፥ 74148፥ 74158፥ 74165 የተባሉት ከእነዚህ ናቸው። የቍጥሮቹ መነሻ 74 ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት ያመለክታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ፥ በተለይ 74110 እና 74112፥ የተገኙት ከኢሉባቦር፥ ከመቱ አካባቢ ነው።

አሁን እንመዝን። በሽታው በገባ በ10 ዓመት ውስጥ መድኃኒት ሳይገዛ፥ ከውጭ ዘር ሳይመጣ፥ ተቋቋሚ ቡና በገበሬው እጅ ገባ። ከኬንያ ጋር ብናነጻጽረው ፍርዱ ይገለጣል። እዚያ የተደራጀው የማዳቀል ሥራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተነሥቶ ሩይሩ 11 የተባለው ዘር የወጣው በ1985 ነው፤ ዘሩም በእጅ እየተዳቀለ የሚመረት ስለ ሆነ ውድና አዝጋሚ ነበረ። እስከዚያው ድረስ ገበሬው በአንድ ወቅት ደጋግሞ የመዳብና ሌላም መድኃኒት መርጨት ነበረበት፤ ርጭቱ ያለ ጊዜው ከተደረገ ወይም ከተቋረጠ ደግሞ በሽታው ምንም መድኃኒት ካልነካው ዛፍ ይልቅ ሊብስ እንደሚችል እዚያው ታይቷል። ልዩነቱ ከሊቃውንቱ ችሎታ የመጣ አይደለም። የኬንያ ቡና ከጥቂት እናቶች የተወለደ በመሆኑ መድኃኒቱን ከሌላ አገር መበደር ነበረበት፤ አንዱ የመቋቋም ምንጭ ከሱዳን የቦማ ተራራ የመጣው ሩሜ ሱዳን ነው። የኢትዮጵያው ሊቅ ግን የሚያስፈልገውን በገበሬው ጓሮ ቆሞ አገኘው። ዛፉ በራሱ የሚፀንስ ስለ ሆነም የእናቱን ዘር መልቀም ብቻ በቃ።

ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ ድንቅ ነገር ልብ ይበል። በሽታው ከ1971 በፊት በአገራችን አልነበረም። ታዲያ እነዚያ ዛፎች ገጥሟቸው የማያውቅን ጠላት እንዴት ሊቋቋሙ ቻሉ ? መልሱ በብዛታቸውና በልዩነታቸው ነው። በሺህ ዓመታት ውስጥ በጫካና በጓሮ የተከማቸው የተፈጥሮ ልዩነት ገና ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ይዞ ተቀምጦ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ምርመራ ትልቁ ግኝት 74110 አይደለም፤ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ፤ ዛፉን ከቦታው መለየት

የተመረጡት ዘሮች በአብዛኛው የደቡብ ምዕራብ ልጆች ናቸው። እደላው ግን በዚያ አልቆመም፤ ወደ ሲዳማና ወደ ጌዴኦ፥ ወደ ሌሎችም የቡና አገሮች ተሻገረ። ይህ በጭንቅ ጊዜ የተደረገ በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ቡና እንደ ስንዴ በኩንታል ብቻ የሚሸጥ እህል አይደለም። የሐረር ቡና በሐረርነቱ፥ የይርጋ ጨፌም በይርጋ ጨፌነቱ ዋጋ ያገኛል። በ1958 ስለ ኢትዮጵያ ቡና የጻፉት ፒየር ሲልቫን የቡናዎቹን ዓይነቶች የለዩት በየአገራቸው ስም ነበር፤ ዓይነቱና ቦታው እንደማይነጣጠሉ አይተዋልና።

የምርጫው ሚዛን ግን የበሽታ መጠን ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ የምርት ብዛት። ዛፉ ከተወለደበት ቦታ ውጭ ምን ዓይነት ጣዕም ይሰጣል የሚለው ጥያቄ በኋላ የመጣ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጉድለቱን አይተው ለሲዳማ ከሲዳማ ቡና፥ ለወለጋ ከወለጋ፥ ለሐረርጌ ከሐረርጌ መምረጥ ጀመሩ፤ በአዋዳ፥ በሐሩ፥ በመቻራ ያሉት ጣቢያዎች ለዚህ ያገለግላሉ። ይህ እርማት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ዘሮች ብዙ ዓመት ቀድመው ስለ ተሠራጩ፥ ዛሬ በውጭ አገር የሚሸጥ የደቡብ ቡና ከረጢት ላይ 74110 እና 74112 የሚሉት ቍጥሮች ታትመው እናያለን። የኢሉባቦር ዛፍ በጌዴኦ ስም ይሸጣል ማለት ነው። ገዢው ይህን በክብር ይጽፈዋል፤ እኛ ግን ኩሩሜና ወሊሾ የተባሉት የአካባቢው ቡናዎች በዚያ ማሳ ላይ ስንት እንደ ቀሩ መጠየቅ አለብን።

ሁለተኛው ጉድለት ፤ አንድ ጠላት ብቻ ማየት

ምርመራ የሚያየው የጠየቀውን ብቻ ነው። ለዚህ ከጌሻ ቡና ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ይህ ቡና በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተለቅሞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የእንግሊዝ ግዛቶች ተላከ፤ በ1953 ከታንጋኒካ ወደ ኮስታ ሪካ፥ ወደ ቱሪያልባ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ። በዚህ ሁሉ መንገድ የተፈለገው ዝገቱን በመጠኑ ስለሚቋቋም ነበር። ቅርንጫፉ ደካማ፥ ምርቱም ጥቂት ስለ ሆነ ብዙዎች ናቁት። በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር ሲቀመስ ግን አንደኛ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። 50 ዓመት ሙሉ በሊቃውንት እጅ ነበረ፤ ነገር ግን «ዝገትን ትችላለህ ወይ ?» ተብሎ ተጠየቀ እንጂ «ጣዕምህ እንዴት ነው ?» ያለው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። የፍሬውን በሽታ የሚቋቋም ዛፍ ስለዚህ ብቻ ከሌላ በሽታ አይድንም። በአገራችን ከ1957 ጀምሮ የተጻፈበት ሌላ ጠላት አለ፤ ይኸውም ዛፉን ከሥሩ ይዞ የሚያደርቀው የፉዛሪየም ሻጋታ ነው። የፍሬው በሽታ የአንድ ዓመት ምርት ይወስዳል፤ ይህ ግን ዛፉን ራሱን ይገድላል። የሚገባውም ብዙውን ጊዜ በቁስል በኩል ነው። ገበሬው በገጀራ አረም ሲመነጥር የዛፉን ግርጌ ይነካዋል፤ ያው ገጀራ ከታመመው ዛፍ ወደ ጤነኛው ይሻገራል።

ለዚህ የሚሰጠው ምክር የታመመውን ዛፍ ነቅሎ እዚያው ማቃጠልና ገጀራውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ በእሳት መለብለብ ነው። ምክሩ በሳይንስ እውነት ነው። ነገር ግን በዝናብ ወራት፥ በጥላ ሥር፥ በቀን ብዙ መቶ ዛፍ የሚመነጥር የቀን ሠራተኛ በየዛፉ ቆሞ እሳት ያነዳል ብሎ የሚያምን ማን ነው ? የሻጋታውን ስፖር በጥንቃቄ የሚቈጥር ምርመራ የሰውን ጉልበትም መቍጠር ይገባዋል። ሊሠራ የማይቻል ምክር ገና ያላለቀ ምርመራ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ፤ ከጥሪት መብላት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ምርመራው የተሳካው በማሳው ውስጥ አንድ ዛፍ ከሌላው የተለየ ስለ ነበረ ነው። የተሳካ ምርመራ ውጤት ደግሞ ያንን የተለያየ ማሳ ነቅሎ በጥቂት ቍጥሮች መተካት ነው። እያንዳንዱ ገበሬ አሮጌውን ጓሮ ነቅሎ የተመረጠውን ችግኝ ሲተክል ለራሱ መልካም አደረገ፤ ሁሉም እንዲህ ሲያደርጉ ግን የሚቀጥለው ምርጫ የሚካሄድበት ማሳ ይጠፋል። የከብት አርቢ ሰው ጥሩ ወይፈን ስላገኘ ላሞቹን ሁሉ አያርድም።

በፍሬው በሽታ ምክንያት የተነቀለው ዛፍ ምናልባት የሥሩን በሽታ የሚቋቋም ነበር። ምናልባት ድርቅን ይችል ነበር። ይህን አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ማገዶ ሆኗልና። በ2017 የወጣ አንድ የአየር ጠባይ ጥናት፥ አንዳች ካልተደረገ በዚህ መቶ ዓመት ፍጻሜ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ሙቀትን የሚችል ዛፍ ያን ጊዜ ቢፈለግ ከየት ይገኛል ? ከ74110 ማሳ አይገኝም።

እርግጥ፥ ለዚህ መከላከያ አልተሠራም ማለት አይደለም። በ1964 እና በ1965 የምግብና የእርሻ ድርጅት የላካቸው ሊቃውንት፥ በ1966 ደግሞ ፈረንሳውያን፥ በአገራችን የቡና ዘር እየዞሩ ለቅመው በልዩ ልዩ አገሮች አስቀምጠዋል። በጮጬም ብዙ ሺህ ዓይነት ቡና በማሳ ላይ ተተክሎ ይጠበቃል። በ2010 የከፋና የያዩ ጫካዎች በዩኔስኮ ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ ተብለው ተመዘገቡ፤ በ2012 የሸካ ጫካ ተጨመረ። ነገር ግን የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆ በጎተራ ለብዙ ዘመን አይቀመጥም፤ በሕይወት ያለ ዛፍ ሆኖ መጠበቅ አለበት። በጣቢያ የተተከለ ዛፍ ደግሞ ዘበኛና አረም ነቃይ፥ በየዓመቱም በጀት ይጠይቃል። በጫካው ውስጥ ያለው ግን ያለ በጀት ከበሽታው ጋር እየታገለ ራሱን ያድሳል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። የተመረጠው ችግኝ በጫካው ዳርና በጫካው ውስጥ ከብርብራውና ከሰሳው ጥላ ሥር ሲተከል የዱሩን ቡና ሊያስለቅቀውና ሊደባለቀው ይችላል።

በ2006 ሁለት ሊቃውንት የኢትዮጵያን የዱር ቡና ዘር ዋጋ በገንዘብ አስልተው ነበር። የወለዱ መጠን 5 በመቶ ቢሆን 1458 ሚሊዮን፥ 10 በመቶ ቢሆን 420 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር አገኙ። ይህ አሓዝ ብዙ ጊዜ በኵራት ሲጠቀስ እንሰማለን። እኔ ግን ከአሓዙ ይልቅ ልዩነቱ ያስተምረኛል ብዬ አስባለሁ፤ ዛፎቹ ያው ሆነው ሳለ የነገን ጥቅም ለመጠበቅ ያለን ትዕግሥት ሲለወጥ ዋጋቸው ከ3 እጅ በላይ ይለዋወጣል። ደግሞም ከዚያ ገንዘብ ጫካውን ሳይመነጥር ለሚኖረው ሰው ምን ያህሉ እንደሚደርሰው አሓዙ አይናገርም።

ስለ ገበሬው ዕውቀት

በዚህ ምርመራ ሪፖርቶች ውስጥ ገበሬው የሚታየው በአብዛኛው እንደ ማሳ ባለቤት ነው፤ እንደ ዐዋቂ የሚታይበት ገጽ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ያገኙት ልዩነት ያለ ሰው እጅ አልቆየም። በጌዴኦና በሲዳማ ገበሬዎች ትንሽ ቅጠልና ትንሽ ፍሬ ያለውን ኩሩሜ፥ ቁመቱ ረዥምና ፍሬው ተለቅ ያለውን ወሊሾ ብለው ይለዩታል። ስም የምደባ መጀመሪያ ነው፤ ሊኔየስም የሠራው ይህንኑ ነው።

እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግቢ የነበረውን ቡና የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ፊደል አይቈጥሩም ነበር። ነገር ግን የትኛው ዛፍ ቀድሞ እንደሚያብብ፥ የትኛው በአንድ ዓመት አፍርቶ በሁለተኛው እንደሚያርፍ፥ የትኛውን «ሕመም እንደማይደፍረው» ሳይሳሳቱ ይነግሩን ነበር። ዛፎቹ ኋላ ተነቅለው ሲተኩ ያን ጊዜ ማንም ወረቀትና እርሳስ ይዞ እርሳቸውን አልጠየቀም። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በብዙ ቦታ እንዲህ ሳይሆን አልቀረም ብዬ ስለማስብ ነው።

ሊነሡ ስለሚችሉ መልሶች

ይህን የሚያነብ መምህር ሁለት ነገር ሊመልስልኝ ይችላል። የመጀመሪያው፥ «ቤቱ ሲቃጠል ስለ ዕቃው አደራደር አይመከርም፤ በ1971 ገበሬው ምርቱን እያጣ ሳለ ሊቃውንቱ የጣዕምና የጫካ ጥናት እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባቸውን ?» የሚል ነው። አልነበረባቸውም። የ1970ዎቹ ሰዎች በጊዜያቸው ትክክል ሠርተዋል። የእኔ ትችት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ስላለው 40 ዓመት ነው። በችኮላ ጊዜ የተወሰደ መንገድ ችኮላው ካለፈ በኋላም ሕግ ሆኖ ሲቀር፥ ጥፋቱ የጀመሩት ሳይሆን የቀጠልነው ነው።

ሁለተኛው መልስ፥ «አዲሱ የጂን ሳይንስ ይህን ሁሉ ይፈታዋል» የሚል ነው። እውነት ነው፥ በ2014 የሮቡስታ፥ በ2024 ደግሞ የአረቢካ ቡና የጂን መጽሐፍ ተነብቦ ታትሟል። አረቢካ ከሮቡስታና ከዩጂኒዮይዲስ ከተባለ ሌላ የቡና ዘመድ መዳቀል እንደ ተወለደ፥ 44 ክሮሞሶም ያለውም ስለዚህ እንደ ሆነ ታውቋል። ነገር ግን ማንበብ የሚቻለው ያለን መጽሐፍ ነው። የተቃጠለውን ገጽ ምንም ዓይነት መነጽር አያነብበውም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ፍርዴን ላጠቃልል። የፍሬ በሽታ ምርመራው ጥያቄው ግልጽ፥ ዘዴው ቀላልና ሊፈተን የሚችል፥ ውጤቱም ለድኻው ገበሬ የደረሰ ነው። በዚህ ሚዛን እርሱን የሚያህል ጥቂት ነው። ጉድለቱ ዛፉን ከቦታው፥ በሽታውን ከሌሎች በሽታዎች፥ ዘሩንም ከጠባቂው ሰው ለይቶ ማየቱ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ማንኛውም የተመረጠ ዘር ሲታደል በዚያው አካባቢ የሚነቀለው ቡና አስቀድሞ ተመዝግቦ፥ ጥቂቱም ቢሆን በገበሬው ጓሮ ዳር እንዲቆይ ቢደረግና ለዚህም ገበሬው ካሣ ቢያገኝ መልካም ነው። ሁለተኛ፥ ከአንድ ቍጥር ይልቅ የብዙ ተቋቋሚ ዛፎች ዘር ተደባልቆ ቢታደል ማሳው ወደ ሴሎን ዓይነት ማዕድነት አይለወጥም፤ አረቢካ ዘሩን ስለሚጠብቅ ይህ ለችግኝ ጣቢያ ከባድ ሥራ አይደለም። ሦስተኛ፥ እኛ ከቡና አገር የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የየመንደራችንን የቡና ስሞች፥ የዛፉን መልክ፥ የሚያብብበትን ወር፥ ሽማግሌዎች ስለ ሕመሙ የሚሉትን ጽፈን ብንመለስ ላቦራቶሪ የማይጠይቅ እውነተኛ ምርመራ ይሆናል። ይህ መጽሔትም ውጤቱን ለማተም ገጽ አያጣም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በ1971 የመጣው ጠላት መልሱን በጓሮአችን ቆሞ አገኘው። የሚቀጥለው ጠላት መቼ እንደሚመጣ አናውቅም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። ያን ጊዜ በጓሮው የሚቆመው ዛፍ የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው ዛሬ በምንነቅለውና በምንተወው ነው።